የተማሪ ፊልሞችን ማታ አሳዩልን

ያለፈው ሳምንት ሰፈራችን የፊልም ፌስቲቫል ነበር። ሰፈራችን ስል ቱሉ ዲምቱን ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት፣ ከመሃል ከተማ የሚመጣ እንግዳ «ገና ነው እንዴ?» እያለ የሚደርስበት ሰፈር። ፌስቲቫሉ ከከተማችን ጫፍ ጫፍ፣ ከገላን፣ ከቢሾፍቱና ከአዳማ ፊልም ሰብስቦ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያወራው ማታ ማታ ስለታዩት ረጃጅም ፊልሞች ነው። እኔ ግን ዓርብ ጧት ስለታዩት የተማሪዎች አጫጭር ፊልሞች መጻፍ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ያየናቸው ጥቂት ሰዎች ነን፤ መታየት የነበረባቸው ደግሞ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ነበር።

መጀመሪያ ከየት ሆኜ እንደምናገር ልንገራችሁ። ሥራዬ ድምፅ ነው። ድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ቴክኒሽያን ነበርኩ። አሁን ለማስታወቂያና ለዶክመንታሪ ድምፅ እቀዳለሁ፣ ሚክስ አደርጋለሁ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ለሰፈሩ ልጆች የማውቀውን አሳያለሁ። ቲቸር ይሉኛል። ስለዚህ ፊልም ሳይ ከዓይኔ በፊት ጆሮዬ ነው የሚቀድመው፤ የምፈርደውም በዚያ ነው።

ደግሞም የተማሪ ፊልም ዛሬ በምስል አያንስም። ስልካቸው የሚያነሳው ምስል እኛ ሥራ ስንጀምር በትልቅ ካሜራ ያላገኘነው ነው። ፊልሙን የሚጥለው ድምፅ ነው። ከፍ የሚያደርገውም እሱው ነው።

የውሃዋን ፊልም ላስቀድም፤ ስድስት ደቂቃ ገደማ ናት። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ካልተነሳህ አመለጠህ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት የሠራችው። ካሜራው ከኩሽና አይወጣም ማለት ይቻላል። ስክሪኑ ጨለማ ነው። አንዲት ልጅ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግታ ተኝታለች። ቧንቧው ክፍት ነው፣ ከሥሩ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ተደግኗል።

መጀመሪያ የሚሰማው አየር ነው። ቧንቧው ያፏጫል። ከዚያ ይንጋጋል፣ ያስላል፣ ትንሽ ዝም ይላል። ምስል ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ልጅቷ እንኳ ዓይኗን አልገለጠችም። ግን አዳራሹ ውስጥ የነበሩት እናቶች ከት ብለው ሳቁ። «መጣ! መጣ!» ያለችም ነበረች። ውሃው ገና ጠብ ሳይል ሁሉም አውቆታል።

ቀጥሎ የመጣው ነው እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ። ውሃው ባዶ ጀሪካን ውስጥ መውረድ ሲጀምር ድምፁ ወፍራም ነው፣ ይጎላል። ጀሪካኑ እየሞላ ሲሄድ ከላይ የቀረው አየር ያጥራል፤ ድምፁም እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። ይኼን ሁላችንም እቤታችን ሰምተነዋል፣ ልብ ብለነው ግን አናውቅም። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ድምፁ የመጨረሻው ቅጥነት ላይ ሲደርስ፣ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ፣ ተነስታ ጀሪካኑን ትቀይራለች። ተመልሳ ትተኛለች። ወፍራሙ ድምፅ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ እያለ አራት ጀሪካን ይሞላል። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ ትወጣና የጎረቤት በር ታንኳኳለች። «እትዬ! ውሃ መጥቷል!» እዚያ ቤት ጀሪካን ሲጎተት ይሰማል። ቀጥሎ ከላይኛው ፎቅ፣ ቀጥሎ ከታች፣ ቀጥሎ ከማዶው ብሎክ። ፊልሙ ያልቃል።

ፊልሙን የሠራችው ተማሪ ድምፁን ለብቻ ነው የቀዳችው። ምስሉን በአንድ ስልክ ታነሳለች፤ ሌላ ስልክ ደግሞ በፌስታል ጠቅልላ ከጀሪካኑ አፍ አጠገብ ታንጠለጥላለች። ሁለቱን ለማገናኘት በየቀረጻው መጀመሪያ ላይ ካሜራው ፊት አንዴ ታጨበጭባለች። ይኼን ክረምት ላይ ተምራዋለች። ያልተማረችው ችግር ግን አጋጠማት። ብዙ ስልኮች ቪዲዮ ሲቀርጹ የፍሬማቸው ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ የሚያነሱት ምስል ብዛት፣ አንድ ወጥ አይደለም፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ልክክ ያለው ድምፅ እየቆየ ከምስሉ ይርቃል። እሷ ምን አደረገች? ድምፁን ቆራርጣ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ከእጇ እንቅስቃሴ ጋር በጆሮዋ አስማማችው። የመጀመሪያውን ጀሪካን ብቻ ለማስማማት ሌሊቱን ሙሉ እንደቆየች ነግራኛለች። መፍትሔው ኤዲቲንግ ከመጀመሩ በፊት ቪዲዮውን ወደ አንድ ወጥ ፍሬም መቀየር ነው። አሁን ታውቃለች። እናንተም የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ፣ ይኼን ያዙ።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ጥያቄ ተፈቀደ። አንድ ጎልማሳ ሰው ተነስቶ «ድምፁን ከኢንተርኔት ነው ያወረድሽው?» አላት።

«አይ፣ ጋሼ» አለች። «ከቤታችን ነው።»

እናቷ ከኋላ ሆና፣ «ሌሊት ሌሊት ከጀሪካን ጋር ስታወራ ነበር የከረመችው፤ እኔማ ልጄን ምን ነካብኝ ብዬ ነበር» አለች። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። እናትየው ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሁለተኛው ላወራው የምፈልገው ፊልም ዶክመንታሪ ነው። ከገላን አካባቢ የመጣ ልጅ አያቱን ይዞ የሠራው። ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፣ ከሥር በአማርኛ ሰብታይትል አለው። አያትየው ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ዱላቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እዚህ አውድማ ነበር ይላሉ፤ አሁን የመኪና ማቆሚያ ነው። እዚህ ጋ ጤፍ፣ እዚያ ጋ ሽምብራ እንዘራ ነበር ይላሉ። ልጁ በመሃል አይገባም፣ አይጠይቅም። አያቱ ሲቆሙ ይቆማል፣ ሲሄዱ ይከተላል።

አንድ ቦታ ላይ አያትየው ዝም ይላሉ። ረጅም ዝምታ ነው። ሌላ ተማሪ ቢሆን እዚህ ጋ ዋሽንት ወይም ክራር ይጨምርበት ነበር። ይኼ ልጅ ዝም ብሎ ተወው። ታዲያ ከብሎኮቹ መሃል «ቆራሌው!» የሚል ጥሪ ይመጣል። አያትየው ወደ ድምፁ ዞር ይላሉ። ጥሪው ይርቃል፣ ደግሞ ይቀርባል። የልጆች ኳስ ይነጥራል። ሽማግሌው እንደገና መናገር ይጀምራሉ። የድሮውና የአሁኑ ሰፈር አንድ ላይ የተሰሙበት ቦታ ነው፤ ልጁ ያን ቦታ ቆርጦ አለመጣሉ ፊልም ሠሪ መሆኑን ነው የነገረኝ።

ንፋሱንም ልንገራችሁ። እኛ አካባቢ ከሰዓት በኋላ ንፋስ አለ፤ ሜዳው ገላጣ ነው። ንፋስ ማይክ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ያበላሸዋል፣ በኋላ በኤዲቲንግ ሙሉ በሙሉ ማጽዳትም አስቸጋሪ ነው። ልጁ ማይኩን በእህቱ የሱፍ ኮፍያ ነበር የሸፈነው። በትክክል ሠርቶለታል። በገንዘብ የሚገዛው ጸጉራም የማይክ ልብስ ሥራውም ይኸው ነው፤ ንፋሱን ማይኩ ጋ ከመድረሱ በፊት ይሰብረዋል።

ሰብታይትሉ ግን መታረም አለበት፤ ለልጁም ነግሬዋለሁ። ነጭ ፊደል ነጭ ሰማይ ላይ አይነበብም። ጥቁር ጥላ ወይም ጠርዝ ያስፈልገዋል። ከሁለት መስመር በላይም መሆን የለበትም። አያትየው የተናገሩት ሁሉ መነበብ አለበት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያመልጠን አንድ እርሻ ያመልጠናል። «አስተካክለህ ለሌሎች ፌስቲቫሎች ላከው» ብዬዋለሁ፣ እሺ ብሎኛል።

ሌሎቹን ፈጠን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ስለ ማትሪክ ውጤት የተሠራ አንድ ፊልም ነበር፤ ተዋናዩ ጥሩ ነው፣ ታሪኩ ግን በአምስት ደቂቃ ማለቅ ሲችል ሃያ ደቂቃ ሄደ። ስለ ሱስ የተሠራ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ምክር አለበት፣ ምክሩ ደግሞ ፊልሙ ራሱ ያሳየንን ነው የደገመው። ሽጉጥ ያለበትም ነበር። መኪና፣ መነጽር፣ ቦሌ ያለ ሕንጻ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማይቋረጥ የባዕድ አገር ሙዚቃ። የሠራው ልጅ ካሜራ አያያዙ ግሩም ነው፣ እጁ አይንቀጠቀጥም። ግን ሙዚቃው የማን እንደሆነ ስጠይቀው ከዩቲዩብ ነው አለኝ። ይኼ ነገር ያስጨንቀኛል። ባለቤቱ ያልፈቀደው ሙዚቃ ያለበት ፊልም ከበድ ያለ ፌስቲቫል ደጃፍ ላይ ይመለሳል፤ ልፋቱ ሁሉ በአንድ ዘፈን ምክንያት መና ይቀራል። ደግሞስ ልጁ የሚኖረው እዚሁ ነው። የፍጥነት መንገዱ ሌሊት የሚያሰማው ድምፅ እኮ ከየትኛውም ሙዚቃ በላይ ያስፈራል። እሱን ቅዳ አልኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቹ ላይ አየሁ። ቤት ውስጥ የተቀረጸው ምስል ይርገበገባል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥቁር ሞገድ ይሄዳል። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። አንዳንድ ስልክ ላይ የሹተሩ ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ ለ60 ኸርዝ አገር ተስተካክሎ ሊመጣ ይችላል። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ብታቆሙት መርገብገቡ በአብዛኛው ይጠፋል። ነፃ ነው፣ ሴቲንግ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

የተማሪዎቹ ፊልም የተመደበው ዓርብ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እስቲ አስቡት። ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው። ሠራተኛው ሃይገር ውስጥ ተጣብቆ ወደ ከተማ እየሄደ ነው። ነጋዴው ሱቁን እየከፈተ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው የፊልም ሠሪዎቹ እናቶች፣ አስፈቅደው የመጡ ጥቂት ጓደኞቻቸው፣ አንድ ሁለት አስተማሪዎች፣ እኔና ጥበቃው ነን። መጋረጃው ስስ ስለሆነ የጧት ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ነበር። ያቺ በጨለማ የተሠራች የውሃ ፊልም ግማሽ ምስሏ አልታየም። በድምፅ ባትቆም ኖሮ አልቆላት ነበር።

ድምፁም የራሱ ጣጣ ነበረው። ከሁለቱ ስፒከር የሚሠራው የግራው ብቻ ነው። ስለ ታክሲ ተራ የተሠራች አንዲት አስቂኝ ፊልም ነበረች፤ ሚኒባስ ውስጥ የተቀረጸች፣ ረዳቱና አንዲት አሮጊት በመልስ ሲጨቃጨቁ። ልጁ የረዳቱን ድምፅ በአንድ ቻናል፣ የአሮጊቷን በሌላው ቀድቶ ሳያደባልቅ ነው የተወው። የቀኙ ስፒከር ሲጠፋ ረዳቱ አብሮ ጠፋ። አሮጊቷ ብቻዋን ትጨቃጨቃለች።

ፊልም ሠሪው ምን አደረገ መሰላችሁ? ተነስቶ ስክሪኑ አጠገብ ሄዶ ቆመ። የረዳቱን ቃል ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ከምስሉ ጋር እኩል መናገር ጀመረ። «እማማ፣ ብር ከሃምሳ አይበላኝም፣ ዝርዝር የለኝም ነው የምልዎት!» አፉ ከስክሪኑ ላይ ካለው ረዳት አፍ ጋር ገጠመ። አሮጊቷ ከስፒከሩ ትመልስለታለች፣ እሱ ከመድረክ ይቀጥላል። እናቶቹ ወንበር እስኪይዙ ድረስ ሳቁ። ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ላፕቶፑ ሄጄ ድምፁን ሞኖ አደረግኩት፤ ሁለቱም ቻናል በአንዱ ስፒከር መውጣት ጀመረ፣ ፊልሙም ተደገመ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ማታ ለረጃጅሞቹ ፊልሞች ግን ሁለት ትልልቅ ስፒከር ከነባለሙያው ተከራይቶ መጥቶ ነበር። ያው አዳራሽ ነው። ያው ፌስቲቫል ነው።

ይኼ ያበሳጨኛል፤ ማበሳጨትም አለበት። የተማሪ ፊልም ዓለም ላይ ተራ ነገር አይደለም። ካን ፌስቲቫል ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፊልም ተማሪዎች የተለየ ክፍል አለው። የአፍሪካ ትልቁ የፊልም መድረክ ፌስፓኮም ለፊልም ትምህርት ቤቶች ሥራ ቦታ ይሰጣል። ፈረንሳይ ክሌርሞን ፌራን ከተማ ያለው ታላቅ የአጭር ፊልም ፌስቲቫል ራሱ የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ የፊልም ማኅበር ነው። የእኛው ኃይሌ ገሪማስ? ሁላችንም የምናውቀው በትልልቆቹ ሥራዎቹ ነው፤ «ጤዛ» በ2009 እ.ኤ.አ. ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወስዷል። ግን እሱም በ1971 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ አጭር ፊልም ሠርቷል። ያን ጊዜ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ለባዶ ወንበር አሳይተውበት ተስፋ ቢቆርጥስ?

አዘጋጆቹን አግኝቼ አነጋግሬያቸዋለሁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ያለ በቂ ገንዘብ ነው የሚለፉት። «ማታውን ለተማሪ ብንሰጠው ሰው ትኬት አይቆርጥም» አሉኝ። ሙሉ ማታ ስጡ አላልኩም። የጠየቅኩት ቀላል ነው። ማታ ከእያንዳንዱ ረጅም ፊልም በፊት አንድ የተማሪ ፊልም ይታይ። ስድስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። ትኬት የቆረጠው ሰው ተቀምጧል፣ ጨለማው አለ፣ ሁለቱም ስፒከር ይሠራሉ። የውሃዋን ፊልም እዚያ አስቡት። ከሥራ ደክሞት የመጣ፣ ማታ ጀሪካን የሚጠብቀው ሦስት መቶ ሰው ቧንቧው ሲያፏጭ ሲሰማ! ለልጅቷ ያን ሳቅ መስማት ከየትኛውም ሠርተፍኬት ይበልጥባታል። ሠርተፍኬቱንማ አግኝታለች፣ ስሟ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ።

ሌላም የጠየቅኩት አለ። የቀረበው ፊልም በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጥ። አሁን እያንዳንዱ ልጅ ፍላሹን ይዞ ወደ ቤቱ ሄዷል። ስልክ ይጠፋል፣ ፍላሽ ይበላሻል። የአያትየው ፊልም ቢጠፋ ያን አውድማ ማን ደግሞ ያሳየናል? የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ አያቅተውም። ዲስኩን እኔ እሰጣለሁ ብያለሁ።

አዘጋጆቹ ለሚቀጥለው ዓመት እናስብበታለን ብለዋል። ማሰቡን እነሱ ያስቡ። እስከዚያው ዝም ብለን አንቀመጥም። የልጆቹን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ የብሎካችን ኮሚቴም ፈቅዷል። ቅዳሜ ማታ ኮሚናሉ ጋ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅለን የውሃዋን፣ የአያትየውንና የታክሲዋን ፊልም እናሳያለን። የታክሲዋን ድምፅ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን እንደገና ሚክስ አድርገነዋል፤ አሁን ረዳቱም አሮጊቷም በሁለቱም በኩል ይሰማሉ። የአያትየው ፊልም ሰብታይትልም ጥቁር ጠርዝ እየተደረገለት ነው። አያትየው ራሳቸው ይመጣሉ፤ ልጁ ባጃጅ ተኮናትሮላቸዋል።

ሰዓቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ እስከዚያ በደንብ ይጨልማል። ትኬት የለም። ወንበር በቂ ስለሌለ ዱካ ይዛችሁ ኑ፤ ጋቢም አትርሱ፣ ይበርዳል። የማትጠቀሙበት ማይክ ወይም የድምፅ መቅጃ ያላችሁ ደግሞ ይዛችሁ ብትመጡ ለክረምቱ ሥልጠና በውሰት እንቀበላለን፣ ፈርመን። መብራት ከጠፋ እሁድ በዚያው ሰዓት ነው።